ግዝቱን ስላስፈታሁት

ውድ ግርማዬ፣

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሆነ። አሁንም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚያው አፓርታማችን ነኝ። ሊፍቱ ተሠርቷል፤ «እኔ ስሞት ይሠሩታል» ያልከው አልቀረም። ልብሶችህን ሰጥቻለሁ፣ ከሰማያዊው ካፖርት በቀር። እሱን ልጃችን ናትናኤል ይለብሰዋል፤ እጅጌው ያጥረዋል።

የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው። ጥቁር ተማሪዎች የመሠረቱት የኮሌጅ ወንድማማቾች ማኅበር ውስጥ ልግባ ባለ ጊዜ፣ ከገባህ ልጄ አይደለህም ብለህ ገዝተኸው ነበር። ስሙ በግሪክ ፊደል ነው፣ ስብሰባው በር ተዘግቶ ነው፣ ስለዚህ የሰይጣን ነው ተባለ። ይህን ወሬ ከቤተ ክርስቲያን ለቃቅሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንተማ ቀስ ብለን እንጠይቅ ብለህ ነበር። ሦስት ቀን ጨቀጨቅኩህ፤ በአራተኛው ገዘትከው። በወሩ በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተህ አልወጣህም።

ልጁ ቃልህን አክብሮ ቀረ። በቀብርህ ዕለት፣ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ወዳለው መካነ መቃብር፣ አንድ ዓይነት ጃኬት የለበሱ ስምንት ወጣቶች መጡ። ሳይጠየቁ ሬሳህን ተሸከሙ፣ ወንበር ዘረጉ፣ ድስት አጠቡ። የእድር ልጆች መስለውኝ መረቅኋቸው። የዚያ ማኅበር ልጆች መሆናቸውን ያወቅሁት በአርባህ ነው። አፈርኩ።

ያን ጊዜ ናትናኤልን ታሪካቸውን ጠየቅሁት። ጥቁር ተማሪ ከነጭ ጋር አንድ ገበታ በማይቀርብበት ዘመን፣ ጥቂት ልጆች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ተሰባስበው ጀመሩት። አብረው ያጠናሉ፣ የታመመ ያስታምማሉ። የተመረቀው በሄደበት ከተማ ሌላ ቅርንጫፍ እያቆመ ዛሬ አገሩን አዳርሰዋል፤ ሸብተውም አይለቁትም። በር የሚዘጉትም ያኔ የሚያባርራቸው ስለነበረ ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሉሃል ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ብንጠይቀው ይነግረን ነበር።

የገዘተ ሰው ሲሞት ግዝቱን የሚፈታው የንስሐ አባት ነውና የእኛን ቄስ ለመንኋቸው። ፈቱት። ለእኔ የሰጡኝ ቀኖና ግን ጾምም ስግደትም አይደለም፤ ለልጅሽ እውነቱን ንገሪው አሉኝ። ስግደቱ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ሲያመጣኝ መኪና ውስጥ ነገርኩት። ቃሉ ከአባትህ አፍ ይውጣ እንጂ የእኔ ነው አልኩት። ስለ ማኅበሩ ምንም አላነሳም። አባዬ ሆስፒታል ሲገባ ያልጠራኝ ተቆጥቶኝ ነው ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ለካ ዓመቱን ሙሉ ይህን ይዞ ነው የሚዞረው! ፈተና ላይ ነው፣ እንዳትረብሹት ያልከው አንተ መሆንህን ነገርኩት። በቀብርህ ያላለቀሰው ልጅ መኪናውን ዳር አስይዞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ውስጥ ይገባል። እኔ አንተን አልረሳህም ግርማዬ። ያን ግዝት የአንተ ነው የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ግን፣ የለም፣ የእኔ ነበር እላለሁ።

ባለቤትህ