ከግድግዳው ወዲያ ለነበርከው

ለግድግዳ ጎረቤቴ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ? በሽተኛውን ሁሉ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ እያልክ አንተ ጠረጴዛህ ላይ ጎብጠህ እንደምትውል ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ጠየቅሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት ይገትሩኛል፤ ሥራ ሲጀምሩ ይፍታታሉ። በሰው ፊት አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ። ደብዳቤ ውስጥ ሰው የለምና አንተ ልበልህ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ከዚህ የሄድክበት ሆስፒታል የወገብና የአንገት ክፍል መክፈቱን፣ አለቆችህም ወጌሻ ከሐኪም ጎን እንድትሠራ መፍቀዳቸውን፣ እኔንም ነይ ማለትህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሳንተዋወቅ የላክህብኝ መልእክት ትዝ አለኝ። አንገቱ የተያዘ ግንበኛ መጥቶ፣ «ዶክተሩ ያቺ ሴትዮ እጇን ትሰብስብ ብሏል» አለኝ። እኔም አንገቱን እያሸሁ፣ «እሱም እጁን ይዘርጋ በለው፤ ሰው በወረቀት ብቻ አይድንም» አልኩት። ምስኪን፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲመላለስ አንገቱ ተፍታታለት። በኋላ ራስህ ራጅ ይዘህ መጣህ። ልትጣላኝ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን መስኮቱ ላይ ዘርግተህ የአጥንቱን ስንጥቅ በጣትህ አሳየኸኝ። ከተቀደደ መጽሐፍ ለቃቅሜ የተማርኩትን አጥንት ያን ቀን በብርሃን አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳው አፍ አወጣ። እኔ መንካት የሌለብኝ ሰው ሲመጣ አንኳኳለሁ፤ አንተ ጋ መርፌ የማያሻው የደረቀ ትከሻ ሲመጣ ታንኳኳለህ።

በአንተ ቦታ የመጣችው ሐኪም ክፉ ሰው አይደለችም። ግን የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን ግድግዳችን ላይ አስጠጋችው። ደጅ ላይ ሰላም እንባባላለን እንጂ ሰው አትልክልኝም፤ እኔም አልልክላትም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጭነት አውራጅ በሰው ተደግፎ ገባና ወገቤን ሳቢልኝ ብሎ ለመነኝ። እግሩ ደንዝዟል፤ ሽንቱም አልታዘዝ ብሎታል። እንዲህ ያለውን እጅሽ እንዳይነካው ያልከኝ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሳላስበው ግድግዳውን ደበደብኩ። ጠርሙሶቹ ተንጫጩ። ሐኪሟ፣ «ምነው፣ መድኃኒቴን ልትፈጂው ነው?» እያለች ገባች። ሰውየውን ስታየው ቁጣዋ ጠፋ። መርምራው ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና አስላከችው፤ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። ማን አስተማረሽ ብትለኝ፣ ጎረቤት አልኳት። በማግስቱ ቁም ሳጥኑን አነሳችው።

ትናንት ግድግዳው ተንኳኳ። ፀጉሬን አስተካክዬ ወጣሁ። የማን እጅ እንደሆነ ያስታወስኩት ኮሪደሩ መሃል ስደርስ ነው። አንገቱ አልዞር ያለው ልብስ ሰፊ ሐኪሟ ጋ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር። አሸሁት፤ ተሻለው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና አልዋልኩም።

እንግዲህ ብመጣ ሥራ ፈትቼ እንዳይመስልህ። ሥራማ እዚህም አለኝ።

አንድ ነገር ላንሳ። አንዳንድ ቀን አንኳኩተህ ስመጣ ክፍልህ ባዶ ይሆን ነበር። «ተሻለኝ ብሎ አሁን ወጣ» ትለኛለህ። ከመጣሁ አይቀር ብዬ እቀመጣለሁ። ስለ አጥንት እናወራለን፤ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፤ ቀጥሎ ዝም እንላለን። ዝምታው ደስ ይለኝ ነበር። ከክፍልህ የሚወጣ ሰው ግን በእኔ ደጅ ሳያልፍ መንገድ እንደማይደርስ ታውቃለህ። በእነዚያ ቀናት ማንም አልፎኝ አያውቅም። ይህን ያልነገርኩህ ማንኳኳቱን እንዳትተው ፈርቼ ነው።

ደብዳቤህ ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ አልጋው ከፍታ፣ ስለ መግቢያ ሰዓቱ አንድም ሳይቀር ይዘረዝራል። ግድግዳውን የምጋራው ከማን ጋር እንደሆነ ግን አይናገርም። እሱን ጻፍልኝ። ከሌላ ሰው ጋር ከሆነ፣ ስላሰብከኝ አመሰግናለሁ፤ እዚሁ ደህና ነኝ።

ከአንተ ጋር ከሆነ እመጣለሁ። አንኳኩተህ ስመጣ ክፍልህን ባዶ ካገኘሁት ግን አደራህን፣ አሁን ወጣ አትበለኝ።

እጅህ አይዛል። ዓይንህ አይፍዘዝ። የነካኸው ሁሉ በእግሩ ቆሞ ይመርቅህ።

የግድግዳ ጎረቤትህ