ጌጡ ካርዱ ውስጥ ያስገባው ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17፣ ላሊበላ

ዛሬ ከጌጡ ጋር ተቆራረጥን። ሙጃ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ከተማርንበት ጊዜ ጀምሮ ተለያይተን አናውቅም። የኔትወርክ ካርዱንም አብረን ነው የሠራነው። ከኮምፒውተር የሚወጣውን መልእክት ካርዱ ራሱ ቆልፎ እንዲልክ፣ ቁልፉም እዚያው ቺፑ ውስጥ ተፈጥሮ ለእኛ እንኳ እንዳይታይ ነበር ሐሳባችን። ቺፑን መሥራቱን ለእሱ ተውኩለት።

ጠዋት እትዬ ዘውዴ ሆቴል ለሙከራ የገጠምነውን ስፈትሽ፣ ገና ከካርቶን ያወጣሁት ሌላ ካርድ የሆቴሉን መልእክት ፈትቶ አነበበው። በየካርዱ ለየብቻ መፈጠር የነበረበት ቁልፍ በሁሉም ላይ አንድ ነው።

ጌጡን አስጠራሁት። «አንተ ነህ ያስገባኸው?»

አልካደም። «ካርዱን ሊገዙን የመጡት ሰዎች ናቸው። ስንፈልግ መክፈት ካልቻልን አንገዛም አሉ። ብነግርሽ እሺ አትዪም።»

«እትዬ ዘውዴስ?»

«እሳቸው ምን ያውቃሉ?»

ይኼ ነው ያንገበገበኝ። በክፉው ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ የላኩት መልእክት ሰው እጅ ገብቶ ልጃቸው እንደታሰረባቸው ጌጡም ያውቃል። ካርዱን ሆቴላቸው ያስገቡት እኛን አምነው ነው።

ካርዶቹን ነቅዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ እስካሁን መልእክቴን ያነበበ ሰው አለ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ጌጡን ጠይቂው።»

ልደውልለት ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። «ማንም አላነበበውም» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እንዴት ብዬ ልመነው?