የእማዬን መጻሕፍት አብስዬ ብርቅዬን አጠገብኩ

ለምወድህ ወንድሜ ዘርአብሩክ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ፣ ጉልበትህስ፣ ሱቅህስ? እዚያ በሰው አገር አሁን ሙቀቱ ገብቷል ይላሉ፤ ውሃ ጠጣ እንጂ ለስላሳ ብቻ አታብዛ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። እማዬም ቆማ ትሄዳለች፤ እንዴት እንደምትሄድ ግን ወደ ታች ስታነብ ታገኘዋለህ። ስልኬን ስለማታነሳ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ለእረፍት የመጣው ጓደኛህ ቲቶ ማክሰኞ ወደዚያ ስለሚመለስ በእጅህ ይሰጥሃል።

መጀመሪያ አንድ ጉዴን ልንገርህና ሳቅብኝ። ባለፈው ጎረቤታችን ገብረወልድ ሱቅ ሄጄ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ግማሽ ኪሎ ቤሻሜል ስጡኝ" አልኩ። ሚስቱ ብርቅዬ ፊቷ እንኳ ሳይፈታ፣ "ዛሬ አልቋል የኔ እህት፤ ለገበያ ቀን ይገባል። እስከዚያ ማዶ ያለውን ሱቅ ሞክሪ" አለችኝ። ማዶም ሄድኩልህ! ቤት ገብቼ ለእማዬ ብነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ ቤሻሜል ወተት፣ ዱቄትና ቅቤ ተማስሎ እቤት የሚሠራ ነገር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ባልትና ያስተማረች ሴት ልጅ ነኝ እንግዲህ።

እኔን ሊዲያንና ድስትን ምን አገናኛቸው ትል ይሆናል። ዘንድሮ ለመስቀል "መጣሁ" ብለሃት ስትቀር፣ ለበዓሉ ምግብ ለአታካና ያስቀመጠችው ቅቤ እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ እማዬ መክሳት ጀመረች። ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። የጋብቻ ቀለበቷ እንዳይወድቅ ክር ጠምጥማበታለች። ሐኪሙም፣ "ይህ የግፊት መድኃኒት ደህና ካልበሉ ይጥልዎታል፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ይጠቀሙ" አላት። እኔም ሳሎን ቡፌው ውስጥ ከስኒዎቹ ጎን የደረደረቻቸውን የምግብ አሠራር መጻሕፍት አውጥቼ ከዳር ጀመርኩ። ታውቃቸዋለህ፤ ሚሽን ግቢ የነበሩት ሴቶች ያሳተሙት፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘው፤ ከአዲስ አበባ ኮርስ ስትመለስ ይዛው የመጣችው፤ አንተ የላክህላት ባለ ፎቶው።

ማታ ከቢሮ ስመለስ አበስላለሁ፣ ለነገ ምሳዋ እተውላታለሁ። ዶሮ በክሬም፣ የእንቁላል ፑዲንግ፣ ላዛኛ። መጽሐፉ ኦቨኑን በዚህ ዲግሪ አድርጊ ይላል፤ የኛን ከሰል ዲግሪ ማን ለክቶት! ከላይም ከታችም ፍም አድርጌ በብረት ድስት ጋገርኩት። እማዬ፣ "እጅሽ ይባረክ፣ አስቀምጪልኝ" ትላለች። በማግስቱ ሳህኑ ታጥቦ ይጠብቀኛል። ደስታዬ ልክ የለውም፤ አንዱን መጽሐፍ ጨርሼ ሌላውን እከፍታለሁ። እሷ ግን እየባሰባት ሄደ።

አንድ ቀን ብርቅዬ በአጥር በኩል ጠራችኝ። "ሊዲ፣ ያ ላዛኛሽ ጨው በዝቶበታል። ዶሮዋ ግን እጅ ታስቆረጥማለች!" "የቱን ላዛኛ ቀምሰሽ ነው?" አልኳት። "እናትሽ የሚልኩልኝን ነዋ! አታይኝም፣ ወፍሬ በር አላስገባ ሲለኝ?" ረቡዕና ዓርብ የሠራሁት ደግሞ፣ ብርቅዬ ጾመኛ ስለሆነች፣ ለውሻቸው ይደርስ ነበር አሉ።

እማዬን ብጠይቃት ቡና ልቁላ ብላ ተነሣች። ነገሩን ያፈረጠችልኝ የጸሎት ጓደኛዋ ጵርስቅላ ናት። "አንቺ እዚያው ቤት እያለሽ አታውቂም እንዴ? ለዘርአብሩክ ጾም ይዛለች። አገሩ እስኪገባ የሚጣፍጥ ነገር በአፏ ላታስገባ ለጌታ ተናግራለች" አለችኝ። ያንን ጾም አንተም ታውቀዋለህ፤ ጾመኛው ፊቱን አብርቶ፣ ለቤተሰቡም ሳይናገር ነው የሚይዘው። ሌላው ሰው ቀን ቆርጦ ይይዛል፣ እሷ አንተን ነው የቆረጠችው። ስለዚህ እኔ ምግቡን ባሳመርኩት ቁጥር ከአፏ እያራቅኩት ኖሬአለሁ። ድንች ቀቅዬ በጨው ባቀርብላት ኖሮ ትበላልኝ ነበር።

አልቻልኩም፣ ተቆጣሁ። "እማዬ፣ ከጎንሽ ሆኜ የምለፋው እኔ፣ የምትጾሚው ለእሱ!" አልኳት። ጸጉሬን እየዳበሰች ምን አለችኝ መሰለህ? "ላለ ልጅ ምን ብዬ እጾማለሁ?" አለችኝ። ክፋት የላትም፣ እውነቷን ነው የተናገረችው። ይህቺ እውነት ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆማለች።

አሁን የቀረውን ልንገርህ። ቲቶ ሁሉን አጫውቶኛል። እዚያው አግብተሃል፣ ወንድ ልጅም አለህ። እማዬ ደግሞ ከዚሁ ከሌሞ ወረዳ የደህና ሰው ልጅ ለትዳር አይታልሃለች፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጅቷ እናት ጋር ቆማ ታወራለች። አገባህ ብዬ አልወቅስህም፣ ይባረክልህ። የማልምርህ በየበዓሉ እየደወልክ "ለመስቀል መጣሁ፣ ለገና መጣሁ" ማለትህን ነው። አንተ "መጣሁ" ባልክ ቁጥር ጾሟ ይረዝማል። እኔ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። ከኔ ከሰማችው ቅናት ይመስላታል፤ ፈጽሞ አይደለም ብዬም አልምልልህም።

ስለዚህ ይህን ያነበብክ ዕለት ደውልላት። ወይ ቁርጥ አድርገህ ና፤ ወይ "እማዬ፣ ቤቴ እዚህ ነው፣ አትጠብቂኝ" በላት። ታለቅሳለች። አልቅሳ ግን እህል ትቀምስ ይሆናል። ዝም ካልክ ግን አንተ "መጣሁ" የምትላትን እናት እኔ እቀብራታለሁ። በደወልክ ማግስት ምን እንዳለችና ምን አፏ እንደገባ፣ የሚያስደስት ይሁን የሚያሳፍር፣ ሳላሳምር እጽፍልሃለሁ።

ብርቅዬና ገብረወልድ ሰላም ብለውሃል። ጵርስቅላ በጸሎት ታስብሃለች። እማዬ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ግንባሩን ሳሚልኝ ትል ነበርና ስሜሃለሁ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በሷ ቂም የለኝም። ለልጅህም ሆሳዕና ውስጥ አክስት አለችህ በለው። አያትም እንዳለችው ንገረው፤ ለእሷም እሱ መኖሩን።

እህትህ ሊዲያ
ሆሳዕና፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.