ሣር ያልረገጠው ጫማህ

ይድረስ ለልጄ ለናሆም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

መርዶህ የመጣ ዕለት እናትህ ምን እንዳለች የነገረህ የለምና እኔው ልንገርህ። ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ከታች ቤት የሚኖሩት እትዬ ብርቄ፣ ከኋላቸው የእድራችን ሽማግሌዎች፣ ከነሱም ኋላ ቄሱ ቆመዋል። አንተ ሌሊት ሥራ ገብተህ ገና አልተመለስክም። የመጡት በአዲሱ ጫማህ ጉዳይ መሰለኝ። "እትዬ ብርቄ፣ ለዚህች ነገር ሽማግሌ ማስቸገር ምን አስፈለገ? ሲመጣ አስወልቀዋለሁ" አልኳቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ያየሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ልብህ ሥራ ላይ ድንገት ቆሞ፣ ኤርፖርት አብረውህ ሻንጣ የሚጭኑት ልጆች ለእናቱ በስልክ አይነገርም ብለው ለእድሩ ደውለው ኖሯል።

እንዲህ መሳሳቴ ግን ያንተ ጥፋት ነው፣ የኔ አባት። እዚህ ሰው አገር፣ ስካይዌይ ሰፈር ያለችውን ጠባብ ቤታችንን ሜዳ ያደረግሃት አንተ ነህ። ክሪኬት የሚሉትን ጨዋታ ያስለመደህ የሥራ ባልደረባህ ራጄሽ ነው። እኔማ መጀመሪያ የገና ጨዋታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ መምቻው ሰፊ ሳንቃ፣ ኳሱም ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ ያ ነጭ ጫማ በሳጥን መጣ፣ ሥሩ የጎማ ጥርስ ያለው። በዚህ ቤት ጫማ በር ላይ እንደሚወልቅ እያወቅህ፣ "ማሚ፣ ቅዳሜ ጌም አለኝ፤ እስከዚያ እግሬን ይልመደው" ብለህ አላወልቅ አልክ። ኳስ ካልሲ ውስጥ ከተህ መኝታ ቤትህ በር ጉበን ላይ አንጠለጠልክ። ወደፊት ረግጠህ ትመታለህ፤ ኳሱ ሄዶ ይመለሳል፤ ደግሞ ትረግጣለህ። እኔም ወጡ እያረረ ቆሜ አይሃለሁ። እትዬ ብርቄ ወጥተው "እናንተ፣ እላይ በቅሎ ገዛችሁ እንዴ?" ቢሉ፣ ጎንበስ ብለህ ጉልበታቸውን ስመህ "ሶሪ እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው" አልካቸው። ቅዳሜን ሳታያት ሄድክ። ጫማው ከምንጣፋችን በቀር ምንም ሳይረግጥ ቀረ።

በአርባህ ልብስህን ለቸገረው ሰጠሁ። "ጫማውስ?" ያሉኝ ነበሩ። ሣር ሊረግጥ የተገዛ ጫማ ሳይረግጥ ከቤቴ አይወጣም ብዬ አልጋህ ሥር አስገባሁት።

ቤታችን ብዙ አልተለወጠም። ኳሱ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ስገባ ስወጣ በትከሻዬ እገፋዋለሁ። አንድ ቀን እትዬ ብርቄ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ። ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ። "የናሆም እናት፣ ቤቱ ጭር ሲል ጨነቀኝ። እባክሽ አንድ ሁለቴ ምቺ" አሉኝ። መምቻህን አነሳሁ። ኳሱ ተመልሶ ግንባሬን አለኝ። እሳቸው ሣቁ፤ እኔም ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅሁ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ አሥር አሥር ጊዜ እመታለሁ። ከረሳሁ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ያንኳኳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ የዘንድሮው ጨዋታ ተጀመረ። ራጄሽ መጥቶ እኔንም እትዬ ብርቄንም ይዞን ሄደ። ጫማህን የያዝኩት እሱ ሣር ይርገጥበት ብዬ ነው። ተቀምጦ ቢታገል ተረከዙ ውጭ ቀረ። ሌሎቹ ተጫዋቾችም ሞከሩት፤ እንዳንተ ያለ ትንሽ እግር ከመካከላቸው ጠፋ። ራጄሽ እየቀለደ "አንቲ፣ ላንቺ ሳይሆን አይቀርም" አለኝ።

ቀልዱን እውነት አደረግሁት። ሁለት ካልሲ ደርቤ አጠለቅሁት፣ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ መምቻ ይዤ መሐል ሜዳ ገባሁ። ራጄሽ ለሕፃን እንደሚወረውር ቀስ ብሎ ወረወረልኝ። የመጀመሪያውን ሳትኩት። ሁለተኛውን አንተ እንደምታደርገው ፊት እግሬን ረግጬ መታሁት። ሩቅ አልሄደም፤ ግን ሄደ። እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት "ለካ በቅሎዋ ይቺ ኖራለች" አሉ። ኳሱን የመታ ይሮጣልና ጓደኞችህ ሩጪ፣ ሩጪ ይሉኛል። እኔ ግን አጎንብሼ እግሬን አየሁ። የጫማህ አፍንጫ አረንጓዴ ሆኗል።

አሁን በር ላይ ከኔ ጫማ ጎን ተቀምጧል። ሣሩን አላጠብኩትም። በየዓመቱ ጨዋታው ሲጀመር፣ ጉልበቴ እስከያዘልኝ ድረስ፣ ሣር አስረግጠዋለሁ። አልረሳህም ማለቴ ይኸው ነው፣ ልጄ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ለሙት ዓመቱ ሁላችሁንም ቤቴ መጥራት አልችልም። በያላችሁበት በጸሎት አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። በለመለመ መስክ ያኑረው በሉልኝ። ጫማው እኔ ዘንድ ነውና፣ እዚያ በባዶ እግሩ ይርገጠው።