አባዬ ጠብታውን ያስቆመልኝ ሰሞን

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው መስቀል መጣ። ሁላችንም ደህና ነን። ወንበርህን አጎቴ ወርሶታል፤ እንዳንተው ዜና ሲጀምር እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ማንኮራፋቱ ግን ገና ያንተን አልደረሰም።

በዓሉ ሲቃረብ ያ ዓይኔ የቀላበት መስቀል ትዝ አለኝ። አንጋጫ ያለው ቤታችን በዘመድ ጢም ብሎ ነበር። እኛ ቤት በበዓል ሥጋ ቢያልቅ እንኳ ምክር አያልቅም። አክስቴ አስቴር ከልጇ ሕመም የተረፈ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ከቦርሳዋ አውጥታ ጨመረችልኝ። ሲብስብኝ፣ አንሷል ብላ ደገመችው። አጎቴ ሌላ ብልቃጥ ይዞ ከሆሳዕና ከተማ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደግሞ ጸለዩልኝና፣ አሜን ካሉ በኋላ እነሱም ጠብታ አደረጉልኝ። የዓይኔ ቆብ አብጦ ተከደነ። ለሁሉም እየቀለድኩ ነበር፣ በልቤ ግን ታወርኩ እል ነበር።

አንተ ከጓሮ ገብተህ አጠገቤ ተቀመጥክ። ከዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው አንድም ያልጠየቀኝን ጠየቅከኝ፦ «ልጄ፣ የሚብስብሽ ጠብታው ሳይገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ?»

ከገባ በኋላ አልኩህ። ብልቃጦቹን ሰብስበህ ኪስህ ከተትክ። አክስቴ፣ መድኃኒት ይከለከላል ወይ ብላ አኮረፈች። ታላቅ እህትህን በመስቀል ማስኮረፍ ምን ያህል እንደሚከብድህ አውቃለሁ። አንተ ግን ጃኬትህን ለብሰህ በሚኒባስ ሆሳዕና ወሰድከኝ።

ሐኪሟ ብልቃጦቹንም ዓይኔንም አየች። ጠብታው ራሱ አለርጂ አስነስቶብኝ ኖሯል፤ በጨመርን ቁጥር የምናክመው መስሎን እናባብሰው ነበር። እንዲሁ ብንቀጥል ብሌኑ ሊጎዳ ይችል እንደነበር ነግራን፣ ሁሉንም አስቆመች። ውሎ አድሮ እብጠቱ ጎደለ፣ ዓይኔ ተከፈተ።

ቤት ስንመለስ አክስቴን አላሳፈርካትም። ሐኪሟ ያለችውን በቀስታ ነግረህ፣ ክትፎዋን በራስህ እጅ አቀረብክላት። ዛሬም ለሳልና ለወገብ መድኃኒት ማዘዟን አልተወችም። ዓይኑ የቀላ ሰው ስታይ ግን ያንኑ ያንተን ጥያቄ ትጠይቅና ወደ ሐኪም ትሰዳለች፤ ሐሳቡ ከራሷ የፈለቀ ነው የሚመስልህ።

አባዬ፣ አንተ ታመህ በተኛህበት ሰሞን አልጋህ ሥር ቁጭ ብዬ ሳይህ ነበር የምውለው። ስትስቅ ግራ ጉንጭህ እንዴት እንደሚሰረጎድ፣ ሽበትህ ከጆሮህ በላይ እንዴት እንደሚጀምር፣ ሁሉንም በሁለቱም ዓይኔ ጠግቤ አይቻለሁ። ዓይኔን ስላተረፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ልክ እንዳየሁህ አድርጌ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ