ከሃያ ሲያልፍ የሚመጣው ድምፅህ

አንዳርጌ ዓለሜ፣ ከተለየኸኝ ሰባት ወር አለፈ። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። አንተ ቡሬ ስታስተምር፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ልብስ ስሰፋ፣ የምንገናኘው በስልክ ነበር። ዛሬ ወረቀት ያስያዘኝም ያው ስልክ ነው።

ቤቱን ልንገርህ። የስፌት መኪናዬን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ኮምፒውተርህ ግን ከነመሪው ካስቀመጥኸው ቦታ አልተነቃነቀም። ወንድምህ ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ እናስገባው ቢለኝ እንደ አራስ ነብር ሆንሁበት። እናትህ እማማ ደብሬ ከአርባህ ወዲህ እኔ ዘንድ ሰንብተዋል።

ትዝ ይልሃል፣ በኮምፒውተሩ የበረራ ጨዋታ ያን ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን መሬት ላይ መንዳት ስታስተምረኝ? እኔ ለመብረር እቸኩላለሁ፤ አንተ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ያለውን መንገድ ትወዳለህ። ነዳጅ ሳትጨምሪለትም በራሱ ይፈጥናል፣ ፍጥነቱ ሃያ ኖት ሊደርስ ሲል ፍሬኑን ረገጥ፣ አሥር ሲወርድ ለቀቅ፣ እግርሽን ጭነሽ አትቅሪ ይግላል ትለኝ ነበር። የጨዋታው ረዳት አብራሪ ስፈጥን በፈረንጅ አፍ ሲቆጣኝ ምንም አይመስለኝም ብልህ፣ የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ ጋቢ ተከናንበህ የራስህን ድምፅ ቀዳህበት። እኔንም አስተናጋጅ አድርገህ "ክቡራን መንገደኞች፣ ቀበቶ ታጠቁ" አስባልኸኝ። መጨረሻው ላይ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቆረጥ ብልህ እንቢ አልህ።

አሁን ከሃያ ሳልፍ ትመጣለህ። "ኧረ ቀስ በይ፣ ማን አባረረሽ?" ትለኛለህ። እኔም አንተን ለመስማት እያወቅሁ አፈጥናለሁ። እብደት ካልኸው ይሁን።

አንድ እሑድ እማማ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሰሙህ። መቃኑን ይዘው ቀሩ። ቀድተኸው የተውኸው ድምፅ መሆኑን ሳስረዳቸው አላለቀሱም፤ ወንበር ስበው ድገሚው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ግን ከራሳቸው ጋር እንደሚያወሩ ሁሉ፣ "ይህችን ቃል ለዚያ የሚኒባስ ሹፌር ቢላት ምን ነበረበት?" አሉ። መሪውን ለቀቅሁት።

ያን ዓርብ ያጣደፍሁህ እኔ ነኛ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እመጣለሁ ብለኸኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ክርስትና በማለዳ ነው፣ ሰው ሁሉ ገብቶ አንተ ብቻ ቀረህ ብዬ ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ከተገለበጠው ሚኒባስ የተረፈች ሴት ለቅሶ መጥታ፣ ሹፌሩን "ሚስቴ ትቆጣኛለች፣ ትንሽ ረገጥ አድርጋት" ያልኸው አንተው መሆንህን በጆሮዬ ነገረችኝ። ምነው አንዳርጌ? በኮምፒውተር ላይ እንኳ ሃያን የማታልፍ ሰው! አንዳንዴ በአንተም እናደዳለሁ፤ ይቅር በለኝ። ይህን ሁሉ ከእማማ ደብቄ፣ ሰባት ወር ሙሉ ምርቃታቸውን እየተቀበልሁ ኖርሁ።

ማክሰኞ ነገርኋቸው፣ አንድም ሳላስቀር። አልረገሙኝም፤ አልመረቁኝምም። ነጠላቸውን አንስተው ወደ ቡሬ ሄዱ። አራት ቀን ሙሉ ስልኬን አላነሱም። የነፍስ አባታችን ታገሽ አሉኝ፤ ትዕግሥቱ ከየት ይምጣ? እህል በአፌ አልዞረም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ክፈቺው አሉኝ። ከፈትሁት። መሪውን ያዝሁ።

"በይ ሂጂ ልጄ። ዛሬ ግን ቀስ ብለሽ።"

ሃያ ሊደርስ ሲል ረገጥ፣ አሥር ሲወርድ ለቀቅ፣ እንዳስተማርኸኝ አደረግሁ። ያን ረጅም መንገድ እስከ መነሻው ድረስ ሄድን። እማማ ክንዴን ይዘው ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ ነበር፤ አንተም ምንም አላልህ። መጨረሻ ላይ የእኔ "ቀበቶ ታጠቁ" መጣ፣ ከነሳቁ። ያን ጊዜ ሁለታችንም አለቀስን።

አልረሳህም፣ አንዳርጌ። ድምፅህን ለመስማት ብዬ ግን ከእንግዲህ አልፈጥንም።

ያንተዋ ሙሉ