የድንጋይ ወጌሾች

ድሬ ዳዋ፣ ጥር 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ሣህሉ፤

የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሙቀቱ ቢያቀልጠንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ከቤታችን ጀርባ ድንኳን ተክለው ጋራውን በመዶሻ ይቀጠቅጡልሃል። ምን እንደሚሠሩ ብጠይቅ አስተማሪያቸው «ስብራት እናጠናለን» አለኝ። አቦ፣ ይህን ሰምቶ ዝም ይባላል? ወጌሾች መጡ ብዬ ሰፈሩን አዳረስኩት። በማግስቱ ባለሱቁ ወርሳሜ እግሯ የተሰበረ ፍየል ተሸክሞ ከች አለ።

«እኛ የምናጠናው የድንጋይ ስብራት ነው» አለው አስተማሪው።

«ዋላሂ፣ ድንጋይ ከቻላችሁ ፍየል እንዴት ያቅታችኋል?» ብሎ ወርሳሜ ድርቅ አለ።

ይህን ስነግራቸው አባባ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ «ጫማዬን አምጡና እኔንም ደግፋችሁ ውሰዱኝ» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እማዬ ግን ጫማውን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገችው። ያው ከፉርጎ ሲወርዱ ወለም ብሏቸዋል ብዬ የጻፍኩልህ እግር ነው። ደግፈን ድንኳኑ ድረስ ስንወስዳቸው አስተማሪው እግራቸውን አይቶ ሳቁን ተወና «ቅዳሜ መኪናችን አዲስ አበባ ይመለሳል፤ የፊት ወንበሩ የእርስዎ ነው» አላቸው።

ስለዚህ አባባ ሊጠይቁህ ይመጣሉ፤ እኔም ከኋላ ከድንጋዮቹ ጋር ተጭኜ እመጣልሃለሁ። ደስ አይልም? ብቻ ያ ፎቅ ላይ ያለው ክፍልህ ይቅርና ምድር ቤት ፈልግ። ደረጃ መውጣት እኔን ይሰለቸኛል።

በአካል መጥቼ እስካበሽቅህ ድረስ ሰላም ሁንልኝ።

አናዳጅ እህትህ የኔነሽ